የኢስታንቡሉ ፖስት ካርድ

አቶ ዳምጤ ሁለት የፊት ጥርስ የላቸውም፤ ከቀኝ እጃቸውም ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። ይህ ጉዳት የደረሰባቸው በአንድ ሐሙስ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በገዛ ቤታቸው ነው። የጉዳቱም ምክንያት አንድ ፖስት ካርድ ነበር።

አቶ ዳምጤ በጭሮ ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በመስኮት ሠራተኛነት ካገለገሉ በኋላ ጡረታ ወጡ። ደብዳቤ ለቤት አይታደልም፤ ሣጥን ያለው በሣጥኑ ይቀበላል፣ የሌለው ሣጥን ባለው ሰው በኩል ያስልካል። እሳቸውም ሥራ ባቆሙ ማግስት ሣጥን ቁጥር 39ን በስማቸው ያዙ። ከዚያ ወዲህ ከቦኬም፣ ከቦርደዴም፣ ከአሰቦትም ሣጥን የሌለው ሰው ሁሉ ዘመዱን «በዳምጤ በኩል ጻፍልኝ» ይል ጀመር። ዋጋ አያስከፍሉም። ማንበብ ለማይችል ያነቡለታል። የመጣው ባለ ሥዕል ካርድ ከሆነ ግን ባለቤቱን ያስፈቅዱና ቃሉን ለባለቤቱ፣ ሥዕሉን ለራሳቸው ያደርጋሉ።

በዚህ ዓይነት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ካርድ ሰበሰቡ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ የእንግዳ መቀበያ ክፍላቸውን አራት ግድግዳ በካርድ ሸፈኑት። ካርድ በምስማር አይበሱም፤ አራቱን ማዕዘን በወረቀት ኪስ ይይዙታል። ከእያንዳንዱ ሥር በጥቁር ቀለም የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ አራት መስመር ነው፤ የሥዕሉ ቦታ፣ የተላከበት ቦታ፣ የደረሰበት ቀን፣ የሰጪው ስም። የሰጪውን ስም ሳይጽፉ ካርድ መስቀል ለእሳቸው ከስርቆት አይለይም ነበር። ተማሪም ገበያተኛም እየገባ ያያል፤ በሩ ቀን ቀን አይዘጋም።

ወይዘሮ ሞሚና ካርድ ከሚያመጡላቸው ሰዎች ሁሉ ብዙ የሰጡ ናቸው። ታሪካቸው ግን የሚያምር አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ልጃቸው አክረም በቦኬ ከጎረቤታቸው ከአብራር ጋር በጫት ማሳ የመስኖ ውኃ ተራ ተጣላ። አብራር የአክረምን ቦይ በድንጋይ ደፈነ፤ አክረም ያዘውን አካፋ አንሥቶ ገበያተኛው እያየ የአብራርን ራስ መታ። አንድ ጊዜ ቢበቃም ሁለተኛ ደገመው። አብራር ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ። በዚያው ምሽት የሟቹ ወገኖች የሞሚናን ቤት አቃጠሉ፤ ሁለት ላሞችም በበረት ውስጥ እንደ ታሰሩ ነደዱ። እናት ወደ ጭሮ ሸሽተው ኦቾሎኒ መቸርቸር ጀመሩ። ልጅ ወደ ጅቡቲ አምልጦ በጭነት መርከብ ላይ ወለል ጠራጊ ሆነ። መርከቡ በቆመበት ወደብ ሁሉ አንድ ካርድ ይልካል፤ ከሞምባሳ፣ ከካራቺ፣ ከፒሬየስ። ስልክ አይደውልም ነበር፤ እናቱ የራሳቸው ስልክ የላቸውም፤ በሰው ስልክ የተነገረ ነገር ደግሞ ቦኬ ለመድረስ አንድ ቀን አይፈጅበትም።

የአገሩ ሽማግሌዎች ሦስት ዓመት ሙሉ ሲመላለሱ ቆይተው በመጨረሻ የሟቹን አባት አሳመኑ። ቤተሰቡ ጉማ፣ ማለትም የደም ካሣ፣ ተቀብሎ በቀሉን ሊተው፣ አክረምም በሽማግሌዎች ፊት እጁን ለሕግ ሊሰጥ ቀን ተቆረጠ። ያልተስማማው የአብራር ታናሽ ወንድም ሳቢት ብቻ ነበር። እስከ ቀጠሮው ቀን አክረምን ካገኘው እንደሚያርደው በአባቱ ፊት ምሏል።

ለዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሣጥን ቁጥር 39 ውስጥ የኢስታንቡል ሥዕል ያለበት ካርድ ገባ። አቶ ዳምጤ እንደ ልማዳቸው ለሞሚና አነበቡላቸው።

«አዮ፣ ባሕሩን ትቻለሁ። ድሬዳዋ ገብቻለሁ። ከአሮጌው ድልድይ በታች ባለው የጣውላ መጋዘን ጥበቃ ሆኛለሁ፤ እዚያው አድራለሁ። ሽማግሌዎቹ እስኪቀመጡ አልወጣም። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ወይዘሮ ሞሚና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አቶ ዳምጤ፣ ይሄን ቅደደው። ወላሂ ልቤ ፈራ።»

«ካርድ ቀድጄ አላውቅም፣ ወይዘሮ ሞሚና። ጽሑፉ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ የሚታየው ሥዕሉ ብቻ ነው። በዚህ ቤት ካርድ የገለበጠ ሰው የለም።»

«አንተ ካልክ ይሁን» አሉ ሴትዮዋ፤ ባይዋጥላቸውም ሄዱ።

ኢስታንቡል በስብስባቸው ውስጥ አልነበረችም። ለዓመታት ባዶ ቦታ ትተውላት ነበር። በዚያው ቀን ሰቀሏት፤ ከሥሯም እንደ ደንባቸው ጻፉ፤ የሥዕሉ ቦታ ኢስታንቡል፤ የተላከበት ድሬዳዋ፤ ቀን፤ ሰጪ ወይዘሮ ሞሚና። የጻፉት እጅግ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ያለውን ምሥጢር ሸሽገው፣ ከምሥጢሩ የሚበልጠውን ክፍል በገዛ እጃቸው ግድግዳ ላይ አወጡት።

ሐሙስ ረፋድ ሦስት ጎልማሶች ገቡ። ጫት አራግፈው የመጡ መሆናቸው ከልብሳቸው ያስታውቃል። አንደኛው፣ ረጅሙ፣ ከካርድ ወደ ካርድ እየተራመደ ኢስታንቡል ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«አቦ ሽማግሌው፣ ይሄ እንዴት ነው? ሥዕሉ ኢስታንቡል፣ የተላከው ድሬዳዋ! ቱርክ ድሬዳዋ ገባች እንዴ?»

ጓደኞቹ ሳቁ። አቶ ዳምጤ ግን ደስ አላቸው። ያን መስመር ከልብ ያነበበ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

«ጎበዝ! ስንቱ አስተማሪ አይቶ አልፎታል። ካርድ አንድ አገር ተገዝቶ በሌላ አገር ፖስታ ቤት ሊገባ ይችላል። እውነቱን የሚናገረው ማኅተሙ ነው።»

«ማኅተሙ ድሬዳዋ ይላል?»

«ይላል። ቀኑም ቅርብ ነው።»

«ማሻ አላህ። ይህቺ ሞሚናስ? የቦኬዋ ናት?»

አቶ ዳምጤ ተራምደው በካርዱና በሰውዬው መካከል ቆሙ። ከዚያም በቀስታ፣ «አንተን ማን ልበል?» ሲሉ ጠየቁ።

«የአብራር ወንድም በለኝ» አለ ሳቢት። «ግልብጥ አድርገህ አንብብልኝ። አንባቢ ነህ ይላሉ።»

ሳቢት እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ሽማግሌው ካርዱን ከኪሶቹ መነጨቁት። ከጓደኞቹ አንዱ በሩን ዘግቶ መወርወሪያውን ነቀለና ያዘ። ሌላው ሽማግሌውን ከወገባቸው ጨብጦ ወለሉ ላይ ጣላቸው። ያን ጊዜ አቶ ዳምጤ በሕይወታቸው ያላደረጉትን አደረጉ፤ አንዲት ካርድ እንዳትታጠፍ ሲጠነቀቁ የኖሩ ሰው ኢስታንቡልን ለሁለት አጥፈው አፋቸው ውስጥ ከተቱ።

«ትፋ!» አለ ሳቢት።

ሽማግሌው ያኝኩ ጀመር። ወረቀቱ ወፍራምና ልሙጥ ነበር፤ በቀላሉ አይደቅም። ሳቢት በጫት ቢላዋው እጀታ አፋቸውን መታ። አንድ ጥርስ ወለቀ። ሁለተኛ ሲመታ ሌላው ተሰብሮ ከንፈራቸውን ቀደደው። አሁንም ያኝካሉ። የሳቢት ጓደኞች የሽማግሌውን ቀኝ እጅ ደፍ ላይ አስቀምጠው በመወርወሪያው ሁለት ጊዜ መቱት፤ የአጥንቱ መሰበር ለሁሉም ተሰማ።

«እሺ» አለ ሳቢት እያለከለከ። «እጅህ ካላስተማረህ ይሄ ያስተምርሃል።» ካርዶቹን በእፍኝ በእፍኝ ከግድግዳው እየገሸለጠ ወለሉ ላይ ከመረ፤ ክብሪት ጫረ። ሞምባሳ ነደደች፤ ካራቺ ነደደች። «የት ነው ያለው? ተናገር፣ የቀሩትን እተውልሃለሁ።»

ሽማግሌው እሳቱን እያዩ ዋጡ። ከወረቀቱ ጋር ደማቸውንና የጥርሳቸውን ስባሪ ዋጡ። ሳቢት ጣቱን በአፋቸው ከትቶ ሲመረምር ያገኘው የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ሰማያዊ ቁራጭ ነበር፤ የባሕር ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አልነበረባትም።

ጭሱን ያየው የፊት ለፊቱ ጫት ነጋዴ ዘይኑዲን ነው። ከአምስት ሰዎች ጋር በሩን በርግዶ ገባ። የሳቢት ጓደኞች በጓሮ አጥር ዘለው አመለጡ። ሳቢትን ግን እግሩን ጎትተው ወደ ደጅ አወጡት፤ በእርግጫ፣ በዱላ፣ በድንጋይ ወረዱበት። ጆሮው ተሰነጠቀ፤ ክንዱ ተንጠለጠለ። አንዱ የአጥር ድንጋይ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አነሣ።

አቶ ዳምጤ በሆዳቸው እየተሳቡ ከቤት ወጡና ሳቢት ላይ ተኙበት። ድንጋዩ ጀርባቸው ላይ አረፈ።

«ጋሽ ዳምጤ፣ ይነሡ!» ብሎ ጮኸ ዘይኑዲን። «ጥርስዎን ያወለቀውን አውሬ ነው የሚያቅፉት?»

«ይህ ከሞተ ሽማግሌ አይቀመጥም» አሉ ሽማግሌው፤ ቃላቸው ከደም ጋር ይወጣ ነበር። «ሁለተኛ ደም ይሆናል። ያ ልጅ ሞተ ማለት ነው። ለሱ ስል እንጂ ለዚህ አላዘንኩም። ያመለጡት ድሬዳዋ መሆኑን ሰምተዋል። ጆሮህን አምጣ።»

ዘይኑዲን ጎንበስ ብሎ ሰማ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይናገር የጫት መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። ያመለጡት ሁለቱ የሚፈልጉት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ነበር፤ እሱ የሚፈልገው አንድ መጋዘን። ቀድሟቸው ደረሰ። አክረምን ከጣውላው መካከል አውጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አጅቦ አስረከበው።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ቀን ቦኬ ላይ ተቀመጡ። አክረም በፖሊስ ታጅቦ መጣ። የሟቹ አባት ጉማውን ተቀበሉ። በዋስ የተለቀቀው ሳቢት ክንዱ ታስሮ ከዳር ተቀምጦ ነበር፤ ተራው ደርሶ እርቁን ይቀበል እንደሆነ ተጠየቀ። ለምስክርነት የመጡትን የአቶ ዳምጤን በጨርቅ የተጠቀለለ እጅ ተመለከተ።

«እኔ መጥቼ የነበረው ተበድዬ ነው» አለ በመጨረሻ። «አሁን እኔም በዳይ ነኝ። ሽማግሌው ይቅር ካላለኝ የምታረቅበት መንገድ የለኝም። ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?»

አቶ ዳምጤ በዚያ ቀን ሙሉ በሙሉ ይቅር አላሉትም። «ጥርሴን ይቅር ብዬሃለሁ» አሉት። «ካርዶቹን ግን ገና።» የተቀመጠው ሕዝብ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሳቸው ግን የቀልድ ፊት አልነበራቸውም። ሳቢትም አልሳቀ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እቀበላለሁ» አለ።

አክረም አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ከእሳቱ የተረፉት ካርዶች ዘጠና አራት ናቸው፤ አንዱ ግድግዳ ብቻ ይበቃቸዋል። ቁራጭ ወረቀቶቹ ሁሉ ወርደዋል። ከዚያ ሐሙስ በኋላ አቶ ዳምጤ በካርድ ሥር አንድ ፊደል ሳይጽፉ ወራት አለፉ።

በቅርቡ ሣጥን ቁጥር 39 ውስጥ የሙምባይ ወደብ ሥዕል ያለበት ካርድ ገባ። አክረም በመርከብ ሳለ ገዝቶ ሳይልከው የቀረ ነው። ማኅተሙ የዚሁ አገር ነው፤ የላከው ከማረሚያ ቤት ነው። አቶ ዳምጤ ለወይዘሮ ሞሚና አነበቡላቸው፤ ጤንነቱን፣ ብርድ ልብስ እንዲላክለት መፈለጉን፣ የአብራር አባት አንድ ቀን መጥተው እንደጠየቁት። አንብበው ሲጨርሱ ካርዱን መለሱላቸው።

ወይዘሮ ሞሚና አልተቀበሉም። «ስቀለው» አሉ። «እንደ ድሮው ጻፍበት። የት እንዳለም ጻፍ፣ የኔንም ስም ጻፍ። አሁን የሚደበቅ ልጅ የለኝም።»

አቶ ዳምጤ ቁራጭ ወረቀት አወጡ። ቀኝ እጃቸው ብዕር አይጨብጥም፤ በግራቸው ነው የጻፉት። አራት መስመር ለመጨረስ ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው፤ ፊደሎቹም እንደ ጀማሪ ተማሪ ፊደል ተንጋደዱ። ወይዘሮ ሞሚና የኦቾሎኒ ቅርጫታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው የመጨረሻው መስመር እስኪጻፍ ድረስ ሳይነሡ ጠበቁ።