የንግሥቶቹ ግንብ

ከጎንደር የወጣን ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በስልኩ እያበራ ሊሰናበተን መጣ፤ ግቢያችን በትናንሽ ብርሃን ተሞልቶ ሰው የሚንሳፈፍ እንጂ የሚራመድ አይመስልም ነበር። እናቴ ሻንጣውን ታስራለች፣ ትፈታለች፣ በርበሬው እንዳይሸት ሌላ ፌስታል ትጨምርበትና ደግሞ ታስራለች። ታናናሽ ወንድሞቼ አዲሱን ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ቁጭ ባሉበት እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እናንተ የጎንደር ጎረቤቶቻችን ታለቅሱልኛላችሁ፣ የእኔ ልብ ግን ቀድሞኝ ሄዷል። መኪናው ሲመጣ አባባ፣ የአባቴ አባት፣ ክንዴን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና “በይ ቁጠሪ” አሉኝ።

እዚህ አገር ተወልዳችሁ ይህን ለምታነቡ ልንገራችሁ። በእኛ ወገን ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እየተባለ ሽቅብ ይወጣል፤ ሁለቱ ወገኖች ከሰባት በታች ከተገናኙ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፣ አለቀ። ሰው ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወደ አባባ ይመጣል። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከሩቅ የሚሰማቸው ነገር ያለ ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሙታንን ስም ይጠራሉ። ከልጅነቴ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ስለለመድኩት ያን ማታም የራሴን ሰባት አባቶች አንድ ሳላስቀር ጠራሁላቸው።

እሳቸው አይመጡም ነበር። እኛን የጠራችን ቀድማ የሄደችው የእናቴ እናት ናት፤ አባባ ግን በአባቴ በኩል ስለሆኑ የመግቢያ ፈቃድ የሚሰጡት ሰዎች “በዚህ መስመር አይገቡም” ብለዋቸዋል። አዘዞ ስንደርስ አባቴ “በሩን ሳንዘጋው ወጣን መሰለኝ” አለ። እናቴም “አባትህ አሉ አይደል፣ ይዘጉታል” አለችው።

መጀመሪያ የከረምነው አዲስ መጪ በሚያርፍበት ማዕከል ነው። ዕብራይስጡን እዚያ ለቃቀምኩ፤ ከዚያ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ የሚባል ሰፈር ገባን። ቤቱን ያከራየን ሰውዬ መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቶ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ።

“ስንት ነፍስ ናችሁ?” አለኝ።

“አምስት።”

“እንግዳስ?”

ለአባቴ ነገርኩት። “እንግዳማ እግዚአብሔር ሲያመጣው ነው በይው” አለኝ።

እንዳለው ተረጎምኩ። ሰውዬው ቁልፉን ማሽከርከሩን አቁሞ “እግዚአብሔር ውሉ ላይ አልፈረመም” አለ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። “በፈጣሪ ስም የሚቀልድ ሰው ቤት ውስጥ ልንኖር ነው?” ብሎ አጉረመረመና ፈረመ። በመጀመሪያው ሰንበት ዘመድ ሁሉ እንኳን ደህና ገባችሁ ሊለን መጥቶ ቤቱ ስላልበቃ ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀመጠ። አከራያችን ያን ቀን ባለመምጣቱ እግዚአብሔርን አመሰገንን።

አገሩን እንዴት ልንገራችሁ? እዚህ ዝናቡ ከብርዱ ጋር ነው የሚመጣው። ሐምሌና ነሐሴ፣ እናንተ ጎንደር የቀራችሁት ጭቃ ስትረግጡ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ዳመና የሚባል ነገር ረስቷል። ሽንብራው ያው የእኛው ሽንብራ ነው፤ ግን አድቅቀው፣ ድብልብል አድርገው በዘይት ይጠብሱትና ቂጣ ውስጥ ይከቱታል፣ ሽሮ መሆን አምሮት የቀረ ይመስለኛል። ሰላምታቸውማ! ደረጃ ላይ የሚያገኘኝ ጎረቤት “ማ ኒሽማ?” ይለኛል፣ እንዴት ነሽ ማለት ነው። እኔ ሞኟ ቆሜ ስለ እናቴ ወገብ፣ ስለ ወንድሞቼ ጉንፋን እያብራራሁ ቀና ስል ሰውዬው ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል። በሚያዝያ ግን፣ ከከተማው ዳር ከቀሩት የብርቱካን እርሻዎች የአበባው ሽታ ይመጣና መንገዱን፣ አውቶቡሱን፣ የተሰጣውን ልብስ ሁሉ ይሞላዋል። ያኔ ሰው ሁሉ ቀስ ይላል። እኔም ከክርያት ሞሼ ወጥቼ ትምህርት ቤት እስክደርስ የት አገር እንደምሄድ እረሳዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን በር አጠገብ ዝቅ ያለ ግንብ አለ። እዚያ የሚቀመጡት አምስት ልጆች ብቻ ናቸው። መልካቸው የእኔው መልክ፣ ወላጆቻቸው የእኛው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ግን እዚሁ ነው የተወለዱት። አንድ ዓይነት ባለ ኮፍያ ግራጫ ሹራብ ይለብሳሉ፤ በስልካቸው የራሳቸው ቡድን አላቸው፣ ስሙም “ማልኮት”፣ ንግሥቶች ማለት ነው። መቼም ዘመዶቼን ያገኘሁ መስሎኝ በመጀመሪያው ቀን በአገር ደንብ እያንዳንዳቸውን ጉንጫቸውን እየሳምኩ “እንደምን አደራችሁ” አልኳቸው። አንዷ ጉንጯን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና በዕብራይስጥ “ምን አለች?” ብላ ጠየቀች። እንደገባት ከዓይኗ አይቻለሁ።

ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የምትወስነው ሺራ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ስትስቅ እንኳ የምትቸኩልበት ነገር የሌላት ልጅ። ስልኳን በአንድ ጣቷ ስትነካው አንዷ ንግሥት ትሆናለች፣ ሌላዋ ተራ ሰው። አንዲት ልጅ እሑድ ጠዋት ራሷን ከቡድኑ ተወግዳ ብታገኝ ሳምንቱን ሙሉ ታማለች ተብላ ከቤት ቀረች። ይህን ሁሉ እያየሁም ያን ግንብ ፈለግሁት። በጣም ፈለግሁት፣ ለእናንተ ምን እደብቃለሁ? ሌት በሕልሜ እቀመጥበታለሁ፤ ግን በሕልሜ ግንቡ የጎንደሩ የግቢያችን አጥር ነው፣ ሺራም አጠገቤ ሆና በአማርኛ ታወራኛለች። ስነቃ የነገረችኝን አላስታውሰውም።

አባባ በየዓርቡ፣ ሰንበት ሳይገባ ይደውላሉ። “ጓደኛ አገኘሽ ወይ?” ይሉኛል።

“አገኛለሁ አባባ።”

“አገኛለሁማ አገኘሁ አይደለም” ይሉና ይስቃሉ።

አንድ ቀን፣ ያ የአበባ ሽታ በመጣ ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኋላዬ የሚከተለኝ እግር ሰማሁ። ሺራ ናት፣ ብቻዋን።

“ብርቄ፣ ሬጋ፣ ቆይ” አለችኝ። እንደ ሕፃን ልጅ እያለሳለሰች፣ በአማርኛ! “አንቺ ያንን ታውቂያለሽ አሉ። የአባቶችን... መቁጠር።”

“ሰባት ቤት?”

“ኬን፣ አዎ፣ እሱን።”

ነገሩን አወጣችው። ኦር የሚባል የጎረቤት ከተማ፣ የክርያት ዔቅሮን ልጅ ትወዳለች። እሱም የእኛው ልጅ ነው። የታላቅ እህቷ እጮኝነት ግን አዳራሽ ከተያዘ፣ ቀሚስ ከተለካ በኋላ በቆጠራ ፈርሷል፤ ቤታቸው ለቅሶ ቤት ሆኖ ከርሟል። እሷም ከዚያ ወዲህ ፈርታለች።

“አያትሽን ለምን አትጠይቂያቸውም?” አልኳት።

“ሳፍታን? ለምን ጠየቅሽ ትለኛለች፣ ከዚያ አለቀልኝ። ያንቺ አያት ሩቅ ነው፣ አያውቀኝም።” ዓይኗን ጫማዋ ላይ ጣለች። “ከጠየቅሽልኝ... ቤሰደር፣ እሺ፣ ነገ ከእኛ ጋር ትቀመጫለሽ።”

ተቀመጥኩ። ግንቡ በፀሐይ ሞቋል፤ ሌላው ድንጋይም እንዲሁ ይሞቅ ይሆናል፣ እኔ ግን ያን ሙቀት እስካሁን አልረሳሁትም። ሹራቡንም ሰጡኝ፣ የስልካቸው ቡድን ውስጥም አስገቡኝ። ያን ሰሞን ሁሉ በውኔ ነው በሕልሜ ሳልል ኖርኩ። ልጆቹ ስለ ጥፍር ቀለም ያወራሉ፣ ስለማላውቀው ዘፋኝ ይጣላሉ፣ እኔ ከሳቃቸው ግማሹ ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ። የሚያልፉት ተማሪዎች ያዩናል። መታየት እንዲህ ደስ ይላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዓርብ አባባ ሲደውሉ የሁለቱን ልጆች ነገር፣ ዘራቸውም ከወገራ መሆኑን ነገርኳቸው።

“የልጅቱ አባት ማን ነው?”

“ዳኒ።”

“ዳኒ ብሎ የወገራ ሰው የለም። የአገር ስሙን።”

“ደስታው። የደስታው አባት አለሙ።” የኦርንም አባትና አያት ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ ያለውን እሳቸው ይጨርሱታል።

በሚቀጥለው ዓርብ ደወሉ። “ደስታው አለሙ፣ አለሙ መኮንን፣ መኮንን ዋሴ፣ ዋሴ ፈረደ” አሉ። የልጁንም ቆጠሩ፤ የሁለቱም አምስተኛ ፈረደ ነው። “እህትና ወንድም ናቸው። ንገሪያት።”

“አባባ፣ ምናልባት ሌላ ፈረደ ቢሆንስ?”

“የወገራው ፈረደ አንድ ነው።” ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። “ምነው ልጄ፣ ላንቺ የመጣ ባል ነው እንዴ?”

ሁለት ቀን በአፌ ይዤው ግንቡ ላይ ተቀመጥኩ። አይገናኙም ብላት ማን ያውቃል? አባባ ጎንደር ናቸው፣ ፈረደ አፈር ሆኗል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ባይጠራ በወደድኩ። ሺራ በዓይኗ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ሰውዬው አልደወሉም እላታለሁ። ግን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር አባባ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እነዚያን ስሞች ሲጠሩ ይታየኛል። ነገ እነዚህ ልጆች ቢጋቡ በእሳቸው አፍ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ይህን አልቻልኩትም።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ለብቻዋ ነገርኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። “አምስት? ያ ሰውዬ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው! ምን አገባው?”

“እኔ ምን ላድርግ ሺራ፣ ጠይቂልኝ ያልሽው አንቺ ነሽ።”

“አይገናኙም እንድትይኝ ነው እንጂ የጠየቅኩሽ!” ዓይኗ እንባ ሞላ። “ሌላ ሰው ቢሆን አይገናኙም ብሎ ያልፈው ነበር። አንቺ ግን... ከዚያ ነው የመጣሽው፣ ምን ታውቂያለሽ! ያላ፣ ሂጂ።”

ቤት ሳልደርስ ስልኬ ሺራ ከቡድኑ እንዳስወጣችኝ ነገረኝ። ሹራቡን አጥፌ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። አባቴ ፊቴን አይቶ “ምን አጠፋሽ?” አለኝ።

“ቆጠርኩ።”

ራት ላይ ከፊቱ ያለውን ሥጋ ወደ እኔ ገፋው።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። በግንቡ አጠገብ ሳልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እኔም ከዛፍ ሥር ብቻዬን መብላት ለመድኩ። ለመድኩ ልበል እንጂ አልለመድኩትም፤ በየማታው በልቤ ወደ ግንቡ እመለስ ነበር። አንድ ዓርብ ከሰዓት እናቴ ለሰንበት የሚሆነውን ዳቦ ስታወጣ በራችን ተንኳኳ። ሺራ ናት፤ ሹራቧን አልለበሰችም።

“ኦርን ተውኩት” አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። “ላየው ስሄድ ፊቱ ላይ አባቴን አያለሁ። ድሮ አላይም ነበር። አንቺ ነሽ ያበላሸሽብኝ።”

“ይቅርታ” አልኳት።

“ይቅርታ አልፈልግም። ከፈረደ በላይ ያሉትን ንገሪኝ። አምስቱን ይዤ ልቀር ነው?”

እኔ ደግሞ የእሷን ከአምስት በላይ አላውቀውም። አባባ የሚደውሉበት ሰዓት ስለነበር እስኪደውሉ ድረስ ሞቅ ያለውን ዳቦ እየቆረስን ጠበቅን። ስልኩን ሰጠኋት።

“የማን ልጅ ነሽ?” አሏት አባባ፤ ድምፃቸው እኔ ዘንድ ድረስ ይሰማል።

“የደስታው” አለች። “የአለሙ፣ የመኮንን፣ የዋሴ፣ የፈረደ።” እየተንተባተበች፣ ግን አንድም ሳትስት። አባባ ስድስተኛውን ጥሩነህ፣ ሰባተኛውን ብሩ ብለው ሰጧት። እሷም ደጋግማ አለቻቸው። እናቴ ምጣድ ማጠቧን ትታ እጇን እያደራረቀች ቆማ ትሰማታለች።

“ጎበዝ። እንግዲህ ልጄ ነሽ” አሉ አባባ። “እዚያው ነው አሉኝ የተወለድሽው?”

“አዎ፣ እዚህ ነው።”

“እንግዲያው ያውቁሻል። ብርቄ አዲስ ናት፣ እሷን አይሰሟትም። አንቺ ንገሪልኝ። የሚያስገቡትን ሰዎች፣ አንድ ሽማግሌ ወዲያ ቀርቷል በያቸው። ልጁ እዚያ ነው፣ የልጅ ልጆቹ እዚያ ናቸው በያቸው። ትነግሪልኛለሽ?”

ሺራ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችና በመዳፏ ሸፈነችው። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። “ብርቄ፣ ምን ልበለው?” አለችኝ በሹክሹክታ። “እኔ ማንንም አላውቅም። ማንን ልንገር?”

እናቴ ወደ መስኮቱ ዞረች።

“ሃሎ?” ይላሉ አባባ ከመዳፏ ሥር። “ሃሎ፣ ልጄ? ተቋረጠ እንዴ?”

ሺራ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

“አልተቋረጠም አባባ” አለች። “አለሁ።”