ሁለት ጊዜ የተተረጎመ ቃል

በስደት በምንኖርበት አገር፣ ቶርንተን ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ባለፈው ዓመት ስልክ ደወለችልኝ። ታላቅ ወንድሟ፣ ተማሪዎች ሳለን፣ እኔ በምመራው የጥናት ክበብ ውስጥ ነበር፤ ትምህርቱን ትቶ ገበሬውን ሊያደራጅ ገጠር ወረደና በዚያው ቀረ። አሁን በቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ልታደርግለት ስለ ሆነ የሚነበብ አጭር ጽሑፍ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ የሞተለትን ነገር አውቆት ነበር? እሱን ብቻ ይጻፉልኝ» አለች።

«የቻይናን የአብዮት መንገድ ጠንቅቆ ያወቀ» ብዬ ጀመርሁ። የቻይናን ጽሑፎች ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለክበቡ የምመልሰው እኔ ነበርሁ። ሳላጣራ መጻፍ ልማዴ አይደለምና አውሮራ ከተማ በምኖርበት የአረጋውያን ሕንፃ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑትን፣ በአገራቸው የታሪክ መምህር የነበሩትን ቻይናዊ፣ አብዮትን በቋንቋቸው ምን እንደሚሉት ጠየቅኋቸው።

በመድኃኒት ቤት ከረጢት ጀርባ ሁለት ፊደል ጻፉ። አንዱ መግፈፍ፣ ሁለተኛው ትእዛዝ ማለት ነው አሉኝ። በጥንቱ ትርጉም ሰማይ የመግዛት ሥልጣኑን ከክፉ ንጉሥ ገፍፎ ለሌላ ይሰጣል፤ ሰውዬው ይለወጣል እንጂ ዙፋኑ አይነካም። ኋላ ጃፓኖች የአውሮፓን ቃል በእነዚህ ፊደላት ተረጎሙበት፤ ጃፓን የተማሩ ቻይናውያንም ዙፋኑን ራሱን መገልበጥ የሚለውን አዲስ ትርጉም ይዘው ተመለሱ። የመደብ ትግሉ ደግሞ ከሩሲያ መጣ።

«እናንተም የተዋስነውን ከእኛ ተዋሳችሁ» ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅሁም። ያ ልጅ፣ የሴትዮዋ ወንድም፣ ያኔ በክበቡ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስለ ነበረው፣ አብዮት በግእዝ እንቢ ማለት ብቻ ነው፤ የቀረውን ትርጉም ከየት አመጣነው፣ ያመጡልንስ ከየት አገኙት አለኝ።

«መሪጌታ፣ ይህን ለቅኔ ማኅሌት ተወው። ቻይናዎቹ ጨርሰውታል» አልሁት።

ክበቡ በሙሉ ሳቀበት። ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላነሣም፤ ገጠር የሚወርድ ሲጠየቅ ግን መጀመሪያ እጁን ያወጣው እሱ ነበር።

የጀመርሁትን ዐረፍተ ነገር ሰርዤ ለእኅቱ ደወልሁና ሁሉንም ነገርኋት። ከክበቡ አባላት ሁሉ የጠየቀው እሱ ብቻ እንደ ነበር፣ ያላወቅሁትም እኔ እንደ ነበርሁ ሳልሸፋፍን ተናገርሁ።

«እንዲሁ ይጻፉት» አለች። «እርስዎ ያሾፉበትንም ቃል አይተዉት።»

ጻፍሁት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሲነበብ ከወንዶቹ መካከል ቆሜ እስከ መጨረሻው ሰማሁ።