ጄኖቫ በፍልሰታ

የሺወርቅና ባሏ ተክለ ማርያም ሮደልሃይም በሚባል ሰፈር ሲኖሩ ለሠርግ፣ ለክርስትና ወይም ለለቅሶ ካልሆነ ከፍራንክፈርት ወጥተው አያውቁም። ዘመድ በሌለበት አገር ሰው ምን ሊያደርግ ይሄዳል? ተክለ ማርያም ግን ኦስትሃፈን የሚባለው የወንዝ ወደብ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያራግፍ ነው ጡረታ የወጣው። የጣሊያኑ ወደብ የጄኖቫ ስም ያለበት ሣጥን ባየ ቁጥር፣ "አንድ ቀን እዚያ ባሕር ዳር ተቀምጬ ዓሣ ካልበላሁ!" እያለ ሲፎክር ኖሯል።

አምና የሺወርቅ በጠና ታመመች። መድኃኒቱ አፏን ዘጋው፤ ውሃ እንኳ አልረጋላት አለ። ሐኪሞቹ ከሰው ጋር በአንድ ሳህን እንዳትበላ ስለከለከሏት፣ ከጋብቻቸው ጀምሮ ያልተለየው የባልና ሚስቱ ትሪ ተለየ። ዘንድሮ ክልከላው ተነሣላት፤ ተክለ ማርያም ግን ለብቻው መብላቱን ቀጠለ። ይህ ያንገበግባት ነበር።

ልጃቸው ኢየሩስ በእናቷ መዳን ተደስታ የጄኖቫን ጉዞ ገዛችላቸው፤ ያውም በፍልሰታ ጾም!

"በኦገስት ሁሉም ሰው ለዕረፍት ኡርላውብ ይወጣል አይደል?" አለች፤ እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፣ ምን ይፈረድባታል።

የሺወርቅ አልተጨነቀችም። እሷን የነፍስ አባቷ "መድኃኒት ላይ ነሽ፣ ብዪ" ብለዋታል። ተክለ ማርያምም ቤተ ክርስቲያን ግቢ "ዓሣ አያስገድፍም" እያለ ዲያቆን ሳይቀር ሲሞግት የኖረ ሰው ነው። እዚያስ ከአንድ ትሪ እንበላለን ብላ ተስፋ አደረገች።

ጄኖቫ ደረሱ። ለመርከቦች የሚያበራውን ማማ አዩ፤ ፀሐይ በማይገባባቸው ጠባብ መንገዶች ተንከራተቱ። የሺወርቅ ለጎረቤት፣ ለማኅበር ሴቶች፣ አይታው ለማታውቀው ለኢየሩስ አለቃ ሳይቀር ሳሙናና የወይራ ዘይት ገዛች። ባዶ እጅ መመለስማ ነውር ነው። ተክለ ማርያም እያጉረመረመ ተሸከመ።

ምሳ ሰዓት ወደቡ ዳር ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ በአንድ ትልቅ ሳህን አዘዘች። ተክለ ማርያም ሳህኑን ወደ እሷ ገፋና ከመንገድ የገዛውን የሽምብራ ቂጣ ይቆርስ ጀመር። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። ያን ጊዜ የሺወርቅ ከዓሣው ቆርሳ ጉርሻ ዘረጋችለት። ፊቱን አዞረ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው።

"በሽታዬን ተጸየፍከው አይደል?" አለችው።

ተክለ ማርያም ክው አለ። "ኧረ በማርያም! ስለት አለብኝ እንጂ።"

"የምን ስለት?"

"ፍልሰታን ዓሣ ሳልቀምስ ልጾም። ብቻዬን መብላቱስ... ገና የተከለከልሽ መስሎኝ፤ መነሣቱን መች ነገርሽኝ? እንዳልጎዳሽ ፈርቼ ነው።"

"አንተ? የዓሣ ጠበቃው? ለምን ብለህ ተሳልክ?"

ዓሣውን አየና እሷን አየ።

"አንቺ እንደገና እንድትበዪ።"

የሺወርቅ ጉርሻውን መልሳ ራሷ ጎረሰችው። ተክለ ማርያም እስክትውጠው ድረስ ዓይኑን ከአፏ ላይ አልነቀለም።