የኡም ጂሪስ እርሾ

በፍልስጤም ከተማችን በቤት ሳሑር፣ በእኛ ሰፈር፣ ኡም ጂሪስን የማያውቅ የለም። የእስራኤልን ሸቀጥ አንገዛም ባልንበት ዓመት፣ "እርጎውን ለእኔ ተዉት፤ ቅዳሜ ጠዋት ለየቤቱ አደርሳለሁ" ብላ ቃል የገባች እሷ ናት። መሬታችንን የያዘው መንግሥት ጥይት ሳንተኩስ ገበያችንን ቢያጣ ይሰማናል ብለን ነበር።

ዓርብ ዕለት የአርባ ቤት ወተት አፍልታ ለብ እስኪል ጠበቀች። ከዚያ ጭንቅላቷን ያዘች።

"እርሾ! አንድ ማንኪያ የቆየ እርጎ ያለው ማነው?"

ማንም አልነበረውም። የእስራኤሉን ፋብሪካ እርጎ ትናንት ሙልጭ አድርገን ደፍተናል፤ ያስደፋችንም እሷው ናት።

"ድስት ሳይጥዱ እንግዳ መጥራት ይሏል ይሄ ነው!" ብላ ጎረቤቷ ሰልዋ ሳቀችባት። "ሱቁ ውስጥ አንድ ዕቃ የፋብሪካ እርጎ ቀርቷል። ማን ያይሻል?"

"አፍሽን ያዢ! በነሱ እርሾ የረጋ ያው የነሱ ነው።"

እርጎ ከሌለ ግን ሰዉ ነገ ወደ ሱቁ እንደሚመለስ ታውቃለች። ወተቱን እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ትታ ከከተማው ዳር ወዳሉት ፍየል አርቢዎች ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። አንዲት አሮጊት ከድንኳናቸው እርጎ ያለበት ሳህን ይዘው ወጡ።

"ይህ እርሾ ከአያቴ ጀምሮ ተቋርጦ አያውቅም" አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ኡም ጂሪስ የድስቱን ክዳን ከፍታ ማንኪያ ሰካችበት። ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ!

"እልል በሉ እንጂ!" አለች ኡም ጂሪስ።

ሰልዋ ቀመሰች። "ፍየል ፍየል ይላል" ብላ ደግማ ጨለፈች።

"ብዪ፣ ብዪ! ብቻ አንድ ማንኪያ ለነገ አስተርፊ።"