ፕሬዚዳንቱ የተከሰሰበት ጠዋት

ልጅ እያለሁ አንኮበር ላይ ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ተነሥቶ ክፍላችን ድረስ ይገባ ነበር። በመስኮቱ በኩል ያለው መስታወት የተሰበረ ስለነበር እዚያ ረድፍ የሚቀመጡት ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ነበር የሚጽፉት። ክፍሉ ጠመኔና የረጠበ ጋቢ ይሸታል። ስምንተኛ ክፍል ነበርን፣ አለቃችንም ደረጀ ይባል ነበር።

ደረጀ በዕድሜም በቁመትም ይበልጠናል። አስተማሪ ሲወጣ የረባሽ ስም የሚጽፈው እሱ፣ ማን እንደረበሸ የሚወስነው እሱ፣ በአርጩሜ የሚገርፈውም እሱ ነበር። የእናንተም ክፍል እንዲህ ያለ አለቃ ሳይኖረው አይቀርም። ክፉ ልጅ አልነበረም። ብቻ ከእሱ ጋር የተኳረፈ ሰው ስሙ ከሰሌዳ አይጠፋም፤ እኛም ይህን ስለምናውቅ ከቆሎአችን አስቀድመን ለእሱ እንዘግንለት ነበር።

ሥነ ዜጋ የሚያስተምሩን ቲቸር አስናቀ የአሜሪካ መንግሥት አወቃቀር ላይ ስንደርስ ሦስት ሳጥን ሥለው "ገልብጡ" አላሉንም። አሜሪካኖች ባሕር ማዶ ያለ ንጉሥ ሳያማክራቸው ግብር ሲጥልባቸው እንዳመፁ፣ ካሸነፉ በኋላ ደግሞ ከመካከላቸው ሌላ ንጉሥ እንዳይወጣ ፈርተው ሥልጣኑን ለሦስት እንደከፈሉት ነገሩን። ሕግ የሚያወጣው አያስፈጽምም፤ የሚያስፈጽመው አይፈርድም። ከዚያ ጠመኔውን አስቀመጡና፣ "እዚህ ክፍልስ ንጉሥ አለ?" ብለው ጠየቁን። ዓይናችን በሙሉ ደረጀ ላይ ዐረፈ።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍላችን መንግሥት አቆመ። መጀመሪያ የተጣላነው በምክር ቤቱ ነው። ብዙ ልጅ ያለበት የግድግዳው ረድፍ "ተወካይ በሰው ብዛት ይሁን" አለ፤ የመስኮቱ ረድፍ "ብርዱን የምንችለው እኛ፣ ድምፅ የምናጣውም እኛ?" ብሎ ተቆጣ። ቲቸር አስናቀ ሳቁ። አሜሪካኖችም በዚሁ ነገር ሊበታተኑ ደርሰው ነበር አሉን፤ የተስማሙት ሁለት ምክር ቤት አቁመው ነው፣ አንዱን በሕዝብ ብዛት፣ ሌላውን ለትልቁም ለትንሹም ክፍለ ሀገር እኩል። እኛም እንደዚያ አደረግን። ከሁሉም ሕግ በላይ የሚሆነውን ደግሞ በካርቶን ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ ሰቀልነውና "አውራው ደንብ" አልነው። የመጀመሪያው መስመር "ማንም ሳይጠየቅ አይቀጣም" ይላል። ለፕሬዚዳንትነት ማን ተመረጠ? ደረጀ። ከሦስቱ ዳኞች አንዷ ደግሞ እኔ ሆንኩ።

ማታ ለአባቴ ስነግራቸው እንጨት ይፈልጡ ነበር። መጥረቢያቸውን አሳርፈው "ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?" አሉኝ። እዚያው የነገሥታት ከተማ በነበረች አገር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ አልፈረድኩባቸውም።

ምክር ቤቱ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ የጓደኛዬ የሰናይት ሐሳብ ነበር፦ ደወል ከተደወለ በኋላ የመጣ ተማሪ እስከ እረፍት ድረስ በር ይዘጋበታል። ሰናይት ቤቷ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይገናኛል። ሁለቱም ምክር ቤቶች አጸደቁት፣ ደረጀም ፈረመበት።

ዘይነባ የምትመጣው ከታች፣ ከቆላው አፋፍ ነው። በጨለማ ተነሥታ ያንን ዳገት ትወጣለች። አንድ ጠዋት ጉሙ እጅ እንኳ የማያሳይ ሆነ፤ ዘይነባ ስትደርስ ደወሉ ተደውሏል። ደረጀ በሩ ላይ ቆሞ "ሕግ ነው" አላትና ዘጋባት። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ከውጭ ስትስል እንሰማት ነበር። ሁለተኛው ሥነ ዜጋ ነበር። ቲቸር አስናቀ ሲገቡ ዘይነባ በተከፈተው በር በኩል ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "በሕግ አምላክ! ፕሬዚዳንቱን ከስሻለሁ!" አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው አልሳቁም፣ ግቢ ብለውም አልፈረዱላትም። "ፍርድ ቤት አላችሁ" አሉና ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

እኛ ሦስታችን ወደ ፊት ወጣን። ዘይነባ ደጃፉ ላይ እንደቆመች፣ ሻሿ ጤዛ አዝሎ፣ "ለምን ዘገየሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም" አለች።

ደረጀ ተነሥቶ በሩን እየከለለ "ሕጉ ጠይቅ አይልም፤ ዝጋ ነው የሚለው" ብሎ መለሰ። እውነቱን ነው።

ሦስታችን በሹክሹክታ ተነጋገርን። ፍርዱን የተናገርኩት እኔ ነኝ፦ ያረፈደ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሳይጠይቁ በር መዝጋት ግን አውራውን ደንብ ይጥሳል፤ ስለዚህ ሕጉ ፈርሷል፣ ዘይነባ ትግባ። ሰናይት "ሁላችንም ያጸደቅነውን ሦስት ሰው ያፈርሰዋል እንዴ?" ብላ ጮኸች። ብዙዎቹ አብረዋት ጮኹ።

ደረጀ ከበሩ አልተነቃነቀም። በእጃችን አርጩሜ የለ፣ ጉልበት የለ፤ ያለን ቃላችን ብቻ ነበር። ቲቸር አስናቀን ባያቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ይመለከታሉ። ደረጀ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ፣ የሚጮሁትንም አየ። ከዚያ ጎኑን ሰጥቶ መንገዱን ለቀቀላት። ዘይነባ አልፋው ገብታ ተቀመጠች።

በእረፍት ሰዓት መጣና "ፈርቼሽ እንዳይመስልሽ" አለኝ።

"ታዲያ ለምን ለቀቅክላት?"

"ነገ በእኔም ላይ በር ቢዘጋስ?" ብሎ ኳሱን ተከትሎ ሮጠ። ሰናይት ግን ለረጅም ጊዜ ኩርፊያዋን አልተወችም።

ዛሬ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሚኒባስ ውስጥ ስለ አሜሪካ ምርጫ ሲወራ እሰማለሁ፤ ሁሉም የሚከራከረው ማን ቢያሸንፍ ይሻላል በሚል ነው። ልጄም ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች። በቀደም ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ የሚለውን አንድም ሳትስት በቃሏ ወጣችልኝ፤ በፈተናም ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። ተደስቼ "የእናንተን ክፍል ሕግ ያወጣው ማነው?" አልኳት።

"ሞኒተሩ ነዋ!"

"የሚቀጣውስ?"

"እሱው።"

"ተሳስቶ ቢቀጣሽ ለማን ትናገሪያለሽ?"

"እማዬ፣ እሱ እኮ ፈተና ላይ አይመጣም" አለችኝ።