ከመንገዱ ማዶ ያለው ደንብ

ቨርሊን ሃስኬት የሚኖርበት መንገድ መሐሉ ላይ ሁለት ከተሞች ይዋሰናሉ። የእሱ ወገን ሃርሞን፣ ማዶው ኦክ ቤንድ ይባላል። ሃርሞን ውስጥ በየመኝታ ክፍሉ ጭስ ሲደርሰው የሚጮህ ደወል ካልተሰቀለ፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም አብረው ካልጮኹ፣ ቤት መሸጥም ማከራየትም አይቻልም። ኦክ ቤንድ ግን ለድሮ ቤት ኮሪደሩ ላይ አንድ ባለባትሪ ከተሰቀለ ይበቃዋል። ለምን ብትሉ የረባ መልስ ያለው ሰው የለም፤ ጭሱ መንገድ ሲሻገር ጠባዩን የሚያሳምር ይመስል!

ቨርሊን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለቱንም ደንብ በቃሉ ይዞ፣ በዚያም ሲኮራ ኖሯል። ደንበኛ ሲደውልለት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው «ከየትኛው ወገን ነህ?» ብሎ ነበር።

ማዶ ሰፈሩ ሁሉ ሚስ ኦርፋ የሚላቸው ሴት ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከድመታቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ፣ አገሩ ሁሉ ለክረምቱ ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ በሚመልስበት እሑድ፣ ቨርሊን መንገዱን ተሻግሮ የኮሪደሩን ደወል ባትሪ ይለውጥላቸዋል። እሳቸውም የዱባ ኬክ ይቆርሱለታል። አምና መሰላሉ ላይ እንዳለ ከሥር ሆነው ጠየቁት።

«አንተ ቨርሊን፣ እኔ እኮ በሬን ዘግቼ ነው የምተኛው። ያ ቀበጥ ድመት ፊቴ ላይ እየወጣ አላስተኛ አለኝ። መኝታ ቤቴስ ደወል አያስፈልገውም?»

«በኦክ ቤንድ ደንብ አያስፈልግም፣ ሚስ ኦርፋ። እኛ ጋ ቢሆኑ አራት ያሰቅሉዎት ነበር።»

«እናንተ ሃርሞኖች ሽንት ቤትም ሳትሰቅሉ አትቀሩም!»

«ኧረ ይተዉ፣ የከተማችን ሹሞች ሐሳቡን እንዳይሰሙዎት!»

ሳቁ። ቨርሊን ኬኩን በልቶ፣ መሰላሉን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሄደ።

ጃንዋሪ ላይ፣ አንድ ማለዳ የመኪናውን መስታወት በረዶ ሲፍቅ፣ ማዶ ያለው ደወል ሲጮህ ሰማ። ሮጠ። የሚስ ኦርፋ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ብርድ ልብስ መኝታ ቤቱ ውስጥ ሲጨስ ቆይቶ፣ ጭሱ በተዘጋው በር ሥር ሾልኮ ኮሪደሩ የደረሰው ገና ያን ጊዜ ነበር። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አወጧቸው። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ድመቱ ደህና ነው።

የእሳት አደጋ መርማሪው የጻፈው ወረቀት አጭር ነበር፦ ደወሉ በከተማው ደንብ መሠረት የተሰቀለ ነው፣ ባትሪው አዲስ ነው፣ በትክክል ሠርቷል። ቨርሊን ደጋግሞ አነበበው። ቢወቅሰው ይሻለው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ የሚስ ኦርፋ ልጅ ሮዌና ቤቱ መጣች። በረንዳው ላይ አጠገቡ ተቀምጣ እጇን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች።

«ራስህን አታስጨንቅ ቨርሊን። እማዬ ሁልጊዜ ‘ቨርሊን አይቶልኛል’ ትል ነበር። ሁሉም በደንቡ ነው የተሠራው።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ሮዌናም አመስግናው ትሄድ ነበር።

«እናትሽ የጠየቁኝ ስለ ደንቡ አልነበረም» አለ ቨርሊን። «‘በሬን ዘግቼ ነው የምተኛው’ ነው ያሉኝ። እኔ ደንብ ነገርኳቸው።»

ሮዌና ማዶ፣ በጣውላ የታሸገውን የእናቷን መስኮት አየች።

«ያን ቀን ትርፍ ደወል አልነበረህም?»

«ሁለት ነበረኝ። መኪናዬ ውስጥ።»

እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች።