ፐርኖው የወጣ ዕለት

ባለቤቴ ከባድ መኪና ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ክረምት ጋራዡ ውስጥ ግራሶ አዳልጦት መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ ገባና ቀኝ ትከሻው ተጎዳ። ሐኪም አየው፣ ወጌሻ አሸው፤ ክንዱ ግን ከደረቱ በላይ አልነሣ አለ። እሱ ደህና ነኝ ብሎ ሥራ ገባ። የመሪጌታ ልጅ ነውና ዝም ማለት ያውቅበታል። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የማለብሰው እኔ ስለሆንሁ ጉዱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

የጋራዡ ባለቤትም ሞኝ አይደለም። ከአባቱ የወረሰ ወጣት ነው፤ ባለቤቴን ጋሼ እያለ ያከብረዋል። ከትልቁ መዶሻ መራቁን አይቶ፣ ካልተሻልዎት በር ላይ ተቀምጠው ቢጠብቁልንስ ብሎ አማከረው። ዘበኝነት ነውር ሆኖ አይደለም፤ ግን ሞተር በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው ለገባ ለወጣው በር ሲከፍት ሊውል? ለዚህም አንድ ቃል አልመለሰም። እኔ የነደድሁት በወጣቱ ሳይሆን በባለቤቴ ነው። ቢናገር ምን ነበረበት!

በዚያው ሰሞን ከዱርቤቴ በቆሎ የሚያመላልስ መኪና የፊት እግሩ ተበላሽቶ ገባ። የፊት ጎማ የሚታጠፍበት፣ የአክስሉን ጫፍ ከላይ እስከ ታች የሚወጋ ወፍራም የብረት ዘንግ አለ፤ ፐርኖ ይሉታል። እሱ ዝጎ አልወጣ አለ። ሁለት ጉልበታም መካኒኮች ከላይ ሁለት ቀን ሙሉ ቀጠቀጡት። አናቱ ተደፍጥጦ እንደ እንጉዳይ ሰፋና ጭራሽ ባሰበት። በእሳት እናግለው ሲሉ ባለቤቴ ከለከላቸው። የጋለ አክስል ጉልበቱ ያልቃል፣ ዓባይ በረሃ ቁልቁለቱ ላይ ሰው ይፈጃል አላቸው። እንግዲያውስ እርስዎ ያውጡት አሉት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነጭ ሽንኩርት ልወቅጥ ዘነዘናዬን ብፈልጋት የለችም። ለካ እሱ ግቢ ውስጥ ፐርኖ አድርጓታል። በካርቶን ቀዳዳ አሾልኳት፣ ካርቶኑን ግራና ቀኝ በሲባጎ ወጥሮ፣ ከሥሯ የቲማቲም ጣሳ አስቀምጦ ትክ ብሎ ያያታል። ወይ ነዶ፣ ሰውዬው ለየለት አልሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ሽንኩርቴን በጠርሙስ ቂጥ ደቆስሁት።

ሰኞና ማክሰኞ ውዳቂ ሲለቅም ዋለ። ከአሮጌ ተሳቢ ሁለት ወፋፍራም ብረት አስቆረጠ፤ አንዱን ቶርኖ ቤት ወስዶ መሐሉን አስበሳው። ባሌስትራ የሚታሰርባቸው ረጃጅም ቡሎኖች፣ የተሰበረ አክስል ቁራጭ፣ አንድ ያረጀ የመኪና ማንሻ ክሪክ አገኘ። የተበሳው ብረት ከፐርኖው በላይ ይሆናል፣ ድፍኑ ከታች፤ ሁለቱ በቡሎን ይታሰራሉ። ክሪኩ ታችኛው ላይ ቆሞ የአክስሉን ቁራጭ ከፐርኖው ሥር ወደ ላይ ሲገፋ፣ ፐርኖው በቀዳዳው ከመውጣት በቀር መሄጃ የለውም። ይህን ሲያስረዳኝ፣ ያን ሁሉ ዘመን አብሬው ኖሬ ምን ያህል አዋቂ እንደሆነ ገና ያን ቀን ያየሁት መሰለኝ።

ረቡዕ የሥራ ፈረቃዬ ከሰዓት ስለነበር ምሳውን ይዤ ሄድሁ። ጋራዡ ወደ ሰባታሚት መውጫ ነው። እነዚያ ሁለቱ መካኒኮች ለምሳ ወጥተዋል። እሱ ሆን ብሎ ይመስለኛል ያን ሰዓት የመረጠው። ከመኪናው ሥር በጀርባው ተኝቶ፣ በግራ እጁ ቁራጩን አቅንቶ ይዟል። ቀኝ እጁን ወደ ክሪኩ እጀታ ሰደደ፤ አልደረሰም። ደግሞ ሞከረ። ከዚያ ዞሮ አየኝ።

"ነይ እስቲ" አለኝ።

ምሳውን አስቀምጬ ነጠላዬን አደገደግሁ። እጀታው መጀመሪያ ቀለል ይል ነበር፤ ኋላ ግን በሁለት እጄ ይዤ፣ በደረቴ ተጭኜ ነው ያወረድሁት። ብረቱ ማቃሰት ጀመረ። ቢፈነዳ ፊቱ ላይ ነው፤ እመቤቴን እየጠራሁ ገፋሁ። በድንገት ጧ! አለ። ገደልሁት ብዬ ጮህሁ። እሱ ከሥር ይስቃል። ፐርኖው አንድ ጣት ያህል ብቅ ብሏል።

ጩኸቴን ሰምቶ የጋራዡ ሰው ሁሉ መጣ። ከዚያ ወዲያ ፐርኖው እያዘገመ ወጣ። ከምሳ የተመለሱት ሁለቱ መካኒኮች ተንበርክከው ቡሎኖቹን ይዳስሳሉ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት ጠፋኝ፣ በሞቴ! የጋራዡ ባለቤት መሣሪያውን ጎንበስ ብሎ አይቶ አይቶ፣ ፊቱ በርቶ ተነሣ።

"ጋሼ፣ ትከሻዎ ድኗል ማለት ነዋ?"

አዎ በል፣ አዎ በል ይላል ልቤ። አንዲት ቃል ናት፤ አዎ ቢል ማንም አያጣራም ነበር።

"አልዳነም" አለ። "ከእንግዲህም የሚድን አይመስለኝም። የገፋችው እሷ ናት። ለዚህ ሥራ ግን የኔ ክንድ አላስፈለገም።"

ወጣቱ ወደ እኔ ዞሮ እጄ ላይ ያለውን እጀታ አየ። ከዚያ ለበሩ ሌላ ሰው ፈልግ አለው አጠገቡ የቆመውን የጋራዡን ጸሐፊ።

ባለቤቴ ገና መሬት ላይ ነበር። ከወደቀ ጀምሮ ሰው እንዳይደግፈው ሲሸሽ የኖረ ሰው፣ ግራ እጁን ዘርግቶ እስቲ አንሡኝ አላቸው። እነዚያ ሁለት ጉልበታሞች ተሽቀዳድመው አነሡት።